የታሸገው ሙያ፦ በፋብሪካ ምግብ ላይ የቆሙ የቴሌቪዥን የማብሰያ ትዕይንቶች ምን ያስተምራሉ?

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የፋኩልቲው ተከታታይ ገለጻ የተገለበጠ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሳችን ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ስለ ቴሌቪዥን የማብሰያ ትዕይንት፣ ስለ ቆርቆሮና ስለ ፓኬት ልንነጋገር ነው። ይሁን እንጂ ሙያ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍና እንዴት እንደሚቋረጥ ለማጥናት ከወጥ ቤት የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

በአንድ ትዕይንት ልጀምር። አንዲት አምራ የለበሰች ሴት ካሜራ ፊት ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ ከሱቅ የተገዛ መሐሉ ክፍት የሆነ ኬክ፣ ለኬክ መቀቢያ የሚሆን የታሸገ የቫኒላ ክሬምና በቆርቆሮ የታሸገ ጣፋጭ የፖም ቅልቅል ተደርድሯል። ክሬሙን ከካካዎ ጋር ትደባልቅና ኬኩን ትቀባዋለች፤ ክፍቱን ቦታ በፖሙ ትሞላዋለች፤ የዱባ ፍሬና የተጠበሰ በቆሎ ትነሰንስበታለች፤ በመጨረሻም ሻማ ትሰካበታለች። ይህ በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ ለሚከበረው ለኳንዛ በዓል የቀረበ ኬክ ነበር። በእሳት ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም።

ሴቲቱ ሳንድራ ሊ ትባላለች። ትዕይንቷ «ሴሚ ሆምሜድ ኩኪንግ»፣ በእኛ አነጋገር «ከፊሉ በቤት የተሠራ ምግብ»፣ ፉድ ኔትወርክ በተባለው የአሜሪካ የምግብ ጣቢያ ከ2003 እስከ 2011 ታይቷል። መመሪያው በቁጥር የተገለጸ ነበር፤ 70 በመቶው ተዘጋጅቶ ከሱቅ የተገዛ፣ 30 በመቶው ደግሞ ትኩስ። ኬኩ ለዓመታት መሳለቂያ ሆነ። በሙያው የተከበሩ ሰዎችም፣ በተለይ አንተኒ ቦርዴይን፣ ትዕይንቱን አምርረው ነቀፉ። በዚያው ልክ ግን ሚሊዮኖች ተመለከቱት፤ መጻሕፍቷም በብዛት ተሸጡ።

በነቃፊዎቹና በደጋፊዎቹ መካከል የነበረው ክርክር «ይህ ማብሰል ይባላልን?» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የተሽከረከረ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ ምን ዕውቀት ይዞ ይነሣል? ያ ዕውቀትስ የማን ነው፤ የእርሱ ወይስ የአምራቹ ድርጅት?

አምራቹ መምህር ሲሆን

ነገሩ በሳንድራ ሊ አልተጀመረም። በ1921 አንድ የአሜሪካ የዱቄት አምራች ድርጅት ለደንበኞቹ ደብዳቤ መልስ የሚፈርምበት ስም ፈጠረ፤ ቤቲ ክሮከር። እንዲህ የምትባል ሴት በሕይወት ኖራ አታውቅም። ሆኖም በ1924 በሬዲዮ የምግብ ዝግጅት ማስተማር ጀመረች፤ በ1950ዎቹም አንዲት ተዋናይት ወክላት በቴሌቪዥን ቀረበች። በሌላ አነጋገር የአሜሪካ እናቶች ለብዙ ዓመታት ምክር የጠየቋት መምህርት የዱቄት ፋብሪካ ፊርማ ነበረች ማለት ነው። ጄምስ ቢርድ በ1946 በኤንቢሲ የጀመረው ቀደምት የማብሰያ ትዕይንትም ወጪው የተሸፈነው ቦርደን በተባለው የወተት ውጤቶች ድርጅት ነው።

ጊዜው ልብ ሊባል ይገባዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የምግብ ኢንዱስትሪው በሩቅ አገር ለተሰለፈ ሠራዊት ምግብ ማሸግን፣ ማድረቅንና ማቀዝቀዝን በከፍተኛ መጠን አስፋፍቶ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካዎቹ አልተዘጉም፤ አዲስ በላተኛ ፈለጉ እንጂ። የተገኘው በላተኛ ቤተሰብ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፖፒ ካነን የተባለች ጸሐፊ የቆርቆሮ መክፈቻን የወጥ ቤት ዋና መሣሪያ ያደረገ የምግብ መጽሐፍ አሳተመች። በ1954 ገደማ ስዋንሰን የተባለው ድርጅት ሙሉ ራት በአልሙኒየም ትሪ አቀዝቅዞ «የቴሌቪዥን ራት» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ቴሌቪዥንና የፋብሪካ ምግብ ወደ መኖሪያ ቤት አብረው እንደ ገቡ ከዚህ ስያሜ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ግን ከመፍረድ እንቆጠብ። በ1955 ካምቤል የተባለው የሾርባ አምራች ድርጅት በሙከራ ወጥ ቤቱ፣ ዶርከስ ራይሊ በምትመራው ቡድን አማካይነት፣ ፎሶሊያን ከታሸገ የእንጉዳይ ሾርባና ከተጠበሰ ሽንኩርት ጋር በምድጃ የሚጋገር ምግብ አድርጎ አቀረበ። ዓላማው ሾርባ መሸጥ ነበር። ዛሬ ይህ ምግብ በብዙ የአሜሪካ ቤተሰቦች የምስጋና በዓል ማዕድ ላይ ይቀርባል፤ «የአያቴ አሠራር» እየተባለ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የፋብሪካ ምግብ ባህል ሊሆን አይችልም የሚል ሰው ይህን ታሪክ ሊያስተባብል አይችልም። ነገር ግን ልጅቱ ከአያቷ የወረሰችው አሠራር ያለ ቆርቆሮው የሚንቀሳቀስ አይደለም። አብዛኛው ቤተሰብ የሾርባውን አሠራር አያውቀውም፤ የሚያውቀው ድርጅቱ ነው።

የነቀፋው ፍትሕና ኢፍትሐዊነት

በ1963 ጁሊያ ቻይልድ ከቦስተን የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ዘ ፍሬንች ሼፍ» የተባለውን ትዕይንት ስትጀምር ሌላ መንገድ ተከፈተ። ጁሊያ ሥጋ ስትጠብስ ሥጋው መጀመሪያ ለምን መድረቅ እንዳለበት፣ ድስቱ ለምን መጨናነቅ እንደሌለበት ትናገር ነበር። የሳንድራ ሊ ነቃፊዎች መለኪያቸው ይህ ነበር፤ በዚህ መለኪያ ሲመዘን ትዕይንቷ መውደቁ አያስገርምም።

ነገር ግን ነቀፋው ያላየው ነገር አለ። ሳንድራ ሊ በትዝታ መጽሐፏ እንደ ተረከችው ከአምስት ልጆች ታላቋ ነበረች፤ እናቷ ስትታመም ገና በልጅነቷ ታናናሾቿን በመንግሥት ድጎማ እየገዛች ያበላች እርሷ ናት። ያለ ጊዜ፣ ያለ ገንዘብና ያለ መምህር ገበታ ማቅረብ ምን እንደ ሆነ በተግባር ታውቃለች። ተመልካቾቿም ከሥራ ደክመው የሚገቡ፣ ልጅ የሚጠብቃቸው፣ የፈረንሳይ ሶስ ለመማር ፋታ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለችውን ሴት «ሰነፍ» ብሎ መሳደብ ድካሟን አለማየት ነው። ምግብ የማዘጋጀት ሸክም በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ ባለበት ዓለም «ሁሉንም ከመጀመሪያው ሥሩ» የሚለው ምክር ለመካሪው አይከብደውም፤ የሚከብደው ለምትፈጽመው ነው።

ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። በቴሌቪዥን ላይ ሙሉ በሙሉ «ከመጀመሪያው» የሚሠራ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ቅመሙ በትንንሽ ሳህን ተለክቶ ይጠብቃል። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ሥጋ ወደ ምድጃ ይገባል፤ ወዲያው ቀድሞ የበሰለው ሌላ ሥጋ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያሰናዱት ከካሜራው ጀርባ ያሉ፣ ስማቸው በትዕይንቱ መጨረሻ በፍጥነት የሚያልፍ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ የተከበረው ትዕይንትና የተናቀው ትዕይንት ሁለቱም ተዘጋጅቶ በቀረበ ነገር ይሠራሉ። በአንዱ ረዳቱ የተደበቀ ሰው ነው፤ በሌላው ረዳቱ በግልጽ የሚታይ ፋብሪካ ነው። ከሐቀኝነት አንጻር ሳንድራ ሊ አትታማም፤ ቆርቆሮውን ከፍታ ያሳየችው በተመልካች ፊት ነው።

አንዲት መምህርት፣ ሁለት ትምህርት

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ከእንግሊዝ የተገኘ ምሳሌ ነው። መምህርቱ፣ አገሩና ጣቢያው አንድ ስለ ሆኑ ለንጽጽር ይመቻል።

ዴሊያ ስሚዝ በእንግሊዝ የማብሰል መምህርት በመሆን ከፍተኛ ስም ያላት ሴት ናት። በ1998 በቢቢሲ ያቀረበችው «ሀው ቱ ኩክ» የተባለ ተከታታይ ትምህርት የጀመረው ከእንቁላል ነው። እንቁላል እንዴት እንደሚቀቀል አስተማረች። አንዳንድ የሙያው ሰዎች ይህን ተመልካችን እንደ መናቅ ቆጥረው ተሳለቁባት። እርሷ ግን የእንቁላሉ ትኩስነት እንዴት እንደሚታወቅ፣ ሲቀቀል ቅርፊቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ደቂቃው ሲጨምር አስኳሉ ምን እንደሚሆን በትዕግሥት አስረዳች። የእንቁላል ሽያጭም ጨመረ። እርሷ ያነሣችው ዕቃ ከሱቅ መደርደሪያ የሚያልቅበት ሁኔታ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ «የዴሊያ ውጤት» የሚለው ሐረግ በ2001 ኮሊንስ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ይህችው መምህርት የማብሰል አቋራጮችን የሚያሳይ መጽሐፍና የቢቢሲ ተከታታይ ትዕይንት ይዛ ተመለሰች። አሁን ጠረጴዛው ላይ የቀረቡት በቆርቆሮ የታሸገ የተፈጨ የበግ ሥጋ፣ ተቀቅሎና ተፈጭቶ የቀዘቀዘ ድንች እና ሌሎች ዝግጁ ምርቶች ነበሩ። መጽሐፉ ምርቶቹን በስማቸውና በሚሸጡበት ሱቅ ስም ይጠቅሳል። ሱቆቹ እንደ ገና በሸማች ተጨናነቁ።

ቢቢሲ በአገሩ ውስጥ ማስታወቂያ የማይሸጥ፣ ከተመልካች በሚሰበሰብ ክፍያ የሚተዳደር ጣቢያ ነው። ስለዚህ «ችግሩ የስፖንሰር ገንዘብ ነው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ለብቻው አይበቃም። ገንዘብ ከፋይ ባይኖርም ትምህርቱ ወደ ምርት ስም ሊያዘነብል ይችላል። ምክንያቱም የ1998ቱ ተማሪ የቀሰመችው ምክንያት ነው፤ እንቁላል ከየትም ብትገዛ ይሠራላታል። የ2008ቱ ተማሪ የቀሰመችው የግዢ ዝርዝር ነው፤ ያ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው የጠፋ ዕለት ዕውቀቷም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ ንጽጽር ሦስት መመዘኛዎችን ማውጣት እንችላለን። አንደኛ፣ ዝግጁው ምርት ባይገኝ በምን ሊተካ እንደሚችል ትዕይንቱ ይናገራልን? ሁለተኛ፣ «እንዲህ አድርጉ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር «ምክንያቱም» የሚል ቃል ይከተላልን? ሦስተኛ፣ ተመልካቹ ነገ ሌላ ምግብ ሲሠራ የሚረዳው ነገር ይዞ ይሄዳልን? ለምሳሌ የታሸገ ቲማቲም የሚጠቀም አብሳይ «በዘይት ውስጥ ውኃው እስኪመጥና ቀለሙ እስኪጠቁር አብስሉት፤ ጎምዛዛነቱ የሚለሰልሰው ያኔ ነው» ካለ ቆርቆሮው የትምህርቱ ረዳት ሆኗል። «ይህን ቆርቆሮ ክፈቱና ጨምሩ» ብሎ ካቆመ ግን ትምህርቱ ራሱ ቆርቆሮው ሆኗል ማለት ነው።

ጋዜጠኛው ማይክል ፖላን በ2009 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ አንድ እንቆቅልሽ አንሥቷል። አሜሪካውያን ምግብ ለማዘጋጀት የሚያውሉት ጊዜ በዚያን ወቅት በአማካይ በቀን ወደ 27 ደቂቃ ወርዶ ነበር፤ ጁሊያ ቻይልድ በቴሌቪዥን ከመጣችበት ዘመን ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነበር። የማብሰያ ትዕይንት ግን በጊዜው በዝቷል። ብዙ ሰው አንድ ምግብ ሲሠራ የሚያየው ራሱ ሊሠራበት ከሚችለው ጊዜ በላይ ነው። ትዕይንቱ ለብዙዎች ትምህርት ከመሆን አልፎ የማብሰል ምትክ ሆኗል።

ስለ ጤናስ ምን ይባላል?

ከእናንተ መካከል የጤናና የሥነ ምግብ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ እንደምታነሡ እገምታለሁ። «የፋብሪካ ምግብ» የሚለው ስያሜ ሰፊ ስለ ሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ካርሎስ ሞንቴይሮ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ኖቫ የተባለው አመዳደብ ምግብን በአራት ይከፍላል፤ ያልተቀነባበረ ወይም በጥቂቱ ብቻ የተቀነባበረ፣ እንደ ዘይትና ጨው ያለ የማብሰያ ግብዓት፣ የተቀነባበረ፣ እና እጅግ የተቀነባበረ። በዚህ አመዳደብ የቀዘቀዘ አተር በመጀመሪያው ምድብ ይገኛል፤ በቆርቆሮ የታሸገ አትክልት በሦስተኛው፤ ብዙ ቀለም፣ ማጣፈጫና ማረጊያ የገባበት ፈጣን ሾርባ ደግሞ በአራተኛው። ሁሉንም «ፓኬት» ብሎ በአንድ ስም ማውገዝ ሳይንሳዊ አይደለም።

ስለ አራተኛው ምድብ ግን ጠንካራ የሙከራ ማስረጃ አለ። ኬቪን ሆል የመራውና በ2019 የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት 20 ጎልማሶችን በተቋሙ ውስጥ አስቀምጦ ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረቡት ማዕዶች በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በፋይበር የተመጣጠኑ ነበሩ፤ ተሳታፊዎቹም የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቅዶላቸዋል። እጅግ የተቀነባበረውን ሲመገቡ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም በአማካይ 0.9 ኪሎ ግራም ጨመረ። ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው፤ ሆኖም አንድ ትዕይንት 70 በመቶውን ከየትኛው ምድብ እንደሚወስድ መጠየቅ ቅንጦት እንዳልሆነ ያሳያል።

«ባልትና» የሚለው ቃል ጉዞ

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌላ አገር ነው። ነገሩ ግን ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም።

በአማርኛ «ባልትና» ማለት የምግብና የመጠጥ ዝግጅት ሙያ ነው። በሴቶች እጅና አእምሮ የሚኖር፣ በልኬት ሳይሆን በዓይን ግምት፣ በሽታና በጣት የሚታወቅ ዕውቀት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ «ባልትና» የሚል ጽሑፍ ስናይ ግን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሱቅ ነው፤ በፌስታል የታሸገ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ቆሎ። የሙያው ስም የሸቀጡ ስም ሆነ። የዛሬው ርእሳችን በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህን የምለው ለማዘን ብቻ አይደለም። በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል፣ እንደ ገና ይደርቃል፣ ኮረሪማውና አዝሙዱ ገብቶበት ይፈጫል። የቀናት ሥራ ነው፤ እጅ ያቃጥላል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ወገብ ያጎብጣል። ቢሮ ውላ የምትመጣ ሴት ከባልትና ሱቅ ብትገዛ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። እንዲያውም ሽሮ ራሱ ጥንታዊ የዝግጁ ምግብ ዓይነት ነው። አተሩ አስቀድሞ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ተቀምሞና ተፈጭቶ ስለ ተቀመጠ ድንገተኛ እንግዳ ሲመጣ ወጡ ቶሎ ይደርሳል። እናቶቻችን አቋራጭን ከቴሌቪዥን አልተማሩም።

ልዩነቱ አቋራጩን ያዘጋጀው ማን እንደ ሆነ ነው። የቤቱ ሽሮ ውስጥ ምን እንደ ገባ የቤቱ ሰው ያውቃል፤ ቢጎድል ያሟላል፤ ልጅ ቢጠይቅ መልስ ያገኛል። የተገዛው ሽሮ መልስ የለውም። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሏል የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር የምንደነግጠው መለየት የሚችል ዓይንና አፍንጫ እያነሰ በመሄዱም ጭምር ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ እንጀራ ከሱቅ እየገዛ ልጆች የሚያሳድግ ወገናችን ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድሞ ተጋፍጦታል፤ በሻንጣ የሚላከው በርበሬ ሲያልቅ ከማን ይማራል?

የአገራችን የማብሰያ ትዕይንቶችም የሚመዘኑት በዚሁ ነው። አዘጋጁ በኪዩብ የሚሸጥ ማጣፈጫ ቢጠቀም ጥፋቱ መጠቀሙ አይደለም። «ይህ ባይኖር የአጥንት መረቅ እንዲህ ይዘጋጃል፤ ኪዩቡ ጨው ስላለው ሌላ ጨው ቀንሱ» ቢል አስተምሯል። «ያለዚህ አይጣፍጥም» ካለ ግን ለዘመናት ያለ ኪዩብ የጣፈጠውን ወጥ ሁሉ ክዷል።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ። አንድ የማብሰያ ትዕይንት መርጣችሁ ተመልከቱ፤ «ምክንያቱም» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ፣ የምርት ስም ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ በሁለት ዓምድ መዝግቡ። ከዚያም ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ በርበሬ መደለዝ የሚያውቁትን እናት ወይም አያት አጠገብ ተቀመጡና ስንቱን በስንት እንደሚቀላቅሉ ጠይቁ። ምናልባት «በግምት ነው» ይሏችኋል። ያን ጊዜ ግምታቸውን ቁና ወይም ሚዛን ይዛችሁ ለኩት፤ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉም ጠይቃችሁ ጻፉት። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ በልብ ያለ ሙያ ግን ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ይህን የሚመዘግብልን የሽሮ ፋብሪካ የለም።